ለፍየል የተከለከለ ኩሬ

ሳጂን ሞሚና ስትደርስ የመጠለያው ጠባቂ የጋአስ ሬሳ ከኩሬው ዳር ተጋድሟል። ዝንብ ወሮታል።

የዱር አህዮቹ መጠለያ ኃላፊ ሃንፋሬ አፍንጫውን በሽርጡ ጫፍ ይዞ፣ «እፉኝት ነው የነደፈው፤ እጁን እዪው» አላት። «ሬሳ አይቆይም፣ ቶሎ እንቅበረው።»

ሞሚና ተንበረከከች። በእጁ ጀርባ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ እብጠት ግን የለም፣ ደምም የለም። ከንፈሩ ላይ አረፋ ደርቋል። ከቁጥቋጦው ሥር የተወረወሩ ጅግራዎችና አንድ ቀበሮ ገምተዋል። ከደረቁ ወንዝ ውስጥ ደግሞ ቆዳዋ የተገፈፈ የዱር አህያ አገኘች፤ ጥይት አልነካትም። 

«ማን አገኘው?» አለችው የመጠለያውን ሾፌር ኮንቴን።

«እኔና ኃላፊው። መሸፈኛ አምጣ ብሎ ካምፕ ላከኝ። ስመለስ ‹እባብ ነው› አለኝ። ግን ዳሃራን ጠይቂያት፤ ትናንት ጋአስን ስትሰድበው ውላለች።»

አርብቶ አደሯ ዳሃራ በትሯን መሬት ላይ መታች። «ታዲያ ፍየሎቼን ከውሃ ሲያባርር ልመርቀው ኖሯል? እሱማ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ‹ትዕዛዙ የሃንፋሬ ነው› አለኝ።»

ሞሚና ሦስቱንም ከግራሩ ሥር ሰብስባ ሻይ አስቀዳችላቸው። «ውሃውን ከኩሬው ነው ያስቀዳሁት» አለች።

«ለፍየሎቼ የነፈጋችሁኝን ለኔ ቸራችሁ?» ብላ ዳሃራ ጠጣች። ኮንቴም ጨለጠ። ሃንፋሬ ብርጭቆውን አሸዋው ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ያያቸዋል።

«አትጠጣም?»

«ሆዴን አሞኛል።»

«እፉኝት የነደፈው እጅ ያብጣል» አለች ሞሚና። «የጋአስ አላበጠም፤ ከሞተ በኋላ በእሾህ የተወጋ ነው። ያን ጊዜ ከሬሳው ጋር ብቻህን የቀረኸው አንተ ነህ። አህያዋ፣ ጅግራው፣ ቀበሮው፣ ሁሉም ከዚህ ኩሬ ጠጥተው ሞቱ። ለአህዮቹ ቆዳ ብለህ ውሃውን መረዝክ። ፍየል ቢሞት ባለቤቱ ይጮሃል፤ ስለዚህ ፍየል ከለከልክ። ለጋአስ ግን አልነገርክም። እሱም ጠማውና ጠጣ።»

ሃንፋሬ አላበው። «ለአህዮቹ እንጂ ለሱ አላሰብኩትም! ወላሂ!»

«ለእሱስ አላሰብከውም እንበል። ይቺ እናት ግን ዓይንህ እያየ ጠጣች። አፍህን እንኳ አልከፈትክም።»

ዳሃራ ብርጭቆውን ወርውራ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተተች።

«አይዞሽ እናቴ፣ ንጹህ ነው፤ ውሃው ከከተማ ያመጣሁት ነው» አለች ሞሚና እየደገፈቻት።

ዳሃራ ግን ቀና ብላ ሃንፋሬን ባየችው ቁጥር እንደገና ያስመልሳት ነበር።