ስምንተኛው ሙከራ

«ፈርሚ» አላት ኢንጂነሩ፣ የሙከራ መዝገቡን በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ እየገፋላት። «እዚህ ጋ፣ ከኔ ስም ሥር።»

ሸረሪት የሚሏት ልጅ እስክሪብቶውን ከመያዟ በፊት አነበበችው። ከአንድ እስከ ሰባት ያሉት የሮኬቱ ሙከራዎች በሁለቱም እጅ ጽሑፍ ተሞልተዋል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የአየር ግፊት፣ «አላፈሰሰም»። ስምንተኛው ግን በእሱ እጅ ብቻ ነው የተጻፈው። ትናንት፣ አስር ሰዓት ተኩል። ግፊት አምስት። አላፈሰሰም።

ትናንት አስር ሰዓት ተኩል ላይ ሮኬቱ እነሸረሪት ጓሮ፣ በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ በአንገቱ ታስሮ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ይወዛወዝ ነበር። ይህን ኢንጂነሩም አሳምሮ ያውቃል። በጋዜጣ ጠቅልሎ ያሸከማት ማን ሆነና።

«ስምንተኛውን መቼ ሞከርከው?» አለችው።

«አቦ አታካብጂ። ሰባቴ ይዟል እኮ።»

«ሳይቀባ ነዋ የያዘው።»

«ቀለም ምን ያደርገዋል? ቀለም ነው፣ አሲድ አይደል።»

ሮኬት ይበሉት እንጂ ባለሁለት ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ሲሶውን ውሃ ይሞሉታል፤ በፓምፕ አየር ያምቁበታል፤ አንገቱን የደፈነውን ቡሽ የያዘው ሽቦ በገመድ ሲሳብ ውሃው በአንገቱ ተስፈንጥሮ ይወጣና ጠርሙሱ ወደ ሰማይ ይወነጨፋል። የፊዚክስ መምህሩ ሲፈቅዱላቸው ያወጡት ሕግ አንድ ብቻ ነው። ጠርሙሱን የነካ ለውጥ ካለ፣ ቀለምም ቢሆን፣ ሜዳው ባዶ በሆነበት ሰዓት እንደገና ይሞከር፤ ከዚያ ሁለቱም ይፈርሙ።

ለውጡ ደግሞ ቀለም ብቻ አልነበረም። ቀለሙ ላስቲኩ ላይ አልይዝ ብሎ እየተላጠ ሲያስቸግራት፣ ሸረሪት ጠርሙሱን በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቃዋለች። እንጨት ሠሪዎች ሳንቃቸውን ከመቀባታቸው በፊት እንደሚያደርጉት፣ ከወገቡ እስከ አንገቱ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ጥርት ያለው ገላው ጭጋግ እስኪመስል ድረስ። ከዚያ ደማቅ ቀይ ቀባችው፤ ነጭ ክንፍ አወጣችለት። እጇ ለሥዕል የተፈጠረ ነው ይባላል፤ ሸረሪት ያሏትም በጣቶቿ ርዝመት ነው።

ኢንጂነሩን ግን ኢንጂነሩ ያሉት ለሙገሳ አልነበረም። ዓምና የሠራው ሮኬት በሙሉ ትምህርት ቤቱ ፊት መሬት ሳይለቅ ውሃውን ሱሪው ላይ ዘረገፈበት። «ኢንጂነሩ ሸና» ሲባል ዓመቱ አለቀ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ስታየው ከንፈሯን ነክሳ ነበር የምታልፈው።

«ሸረሪት» አላት አሁን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካሸነፍን ክረምቱን ኮከብ መመልከቻው ጋ ነን። በዚያ በትልቁ ቴሌስኮፕ። መዝገቡ ካልተሟላ ደግሞ ከውድድሩ ውጪ ነን። ነገ ጠዋት፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ እሞክረዋለሁ። በናትሽ።»

ፈረመች። የገዛ ፊርማዋ ጠማማ ሆኖ ታያት።

አባቷ ጎሚስታ ነው። ስትደርስ የጭነት መኪና ጎማ በብረት ፍርግርግ ውስጥ አስገብቶ አየር ይሞላል። ፍርግርጉን ያሠራው ጎማ ቢፈነዳ ቸርኬው እንዳይወረወርበት ነው፤ ከብረቶቹም አንዱ ከዓመታት በፊት ወደ ውጭ ጎብጦ እንደቀረ አለ። ስለዚያ ቀን አባቷ አውርቶ አያውቅም። ሰው ሲጠይቀው «ጎበጠ» ብቻ ነው የሚለው።

«ፊትሽን አርቂ» አላት ዞር ሳይል። እዚያ ሱቅ ይህ ቃል ከሰላምታ ይቀድማል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«አባባ፣ ላስቲክ ላዩን ቢፋቅ ምን ይሆናል?»

«የምን ላስቲክ?»

«የለስላሳ ጠርሙስ። አንድ ልጅ ነው የፋቀው።»

«ለምን ፋቀው?»

«እንዲያምር።»

አባቷ ኮምፕሬሰሩን አጠፋው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ዝምታው ጆሮዋ ውስጥ ጭው አለ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንድ አሮጌ ጎማ አነሳና በጥፍሩ ጎኑን ጫር አደረገው።

«ያልተጫረ ላስቲክ ሲወጠር ሸክሙን እኩል ነው የሚካፈለው። ከጫርሽው ግን ሁሉም ሸክሙን እዚያች ጭረት ላይ ይጥላል። ቤት ውስጥስ እንደዚያው አይደል? ጣጣው ሁሉ አንዱ ላይ ይደፋል።»

«ወዲያው ይፈነዳል?»

«ዛሬ ሊይዝ ይችላል። ነገም ሊይዝ ይችላል። ክፋቱ እሱ ነው። ወዲያው ቢፈነዳማ ማን ያምነው ነበር?» ጎማውን ወረወረው። «አየር ይሞላበታል እንዴ?»

«አዎ። እስከ አምስት።»

አባቷ አያት። «ያ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሱሪ ነው የሚለብሰው ቀሚስ?»

«ኧረ ወንድ ነው አባባ።»

«እንግዲያው ሳይቃጠል በቅጠል በይልኝ።» ደጅ ላይ አንድ ሾፌር ጥሩምባ ነፋ። አባቷም ወደ ሥራው ዞረ፤ ግን ኮምፕሬሰሩን ከማስነሳቱ በፊት እንደገና ገልመጥ አድርጎ አያት።

በማግስቱ ጠዋት ሜዳው ገና ጭር እንዳለ ሸረሪት ደረሰች። ኢንጂነሩ የማስወንጨፊያውን እግሮች መሬት ላይ እየተከለ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ያልጨፈነ ይመስላል።

«አሁን እንሞክረው» አለችው። «ሰው የለም።»

«ቢፈነዳስ?»

«መፈንዳቱ እንዲታወቅ ነው እኮ የሚሞከረው።»

«ከፈነዳ ሮኬት የለንም። ካልሞከርነው ግን አለን።»

«አባቴ ጭረት ያለበት ላስቲክ...»

«አባትሽ ጎሚስታ ነው፤ ይሄ ጎማ አይደለም።» መዶሻውን አስቀመጠ። «ዓምና የት ነበርሽ?»

መልሱን ታውቀዋለች። «ከሕዝቡ መሃል።»

«ሳቅሽ?»

ሸረሪት መሬት መሬቱን አየች። «ሳቅሁ።»

«እንግዲያው ዘንድሮ ዝም በይ።»

የማስወንጨፊያውን አንድ እግር ያዘችለት። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚሉት ይህን ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሜዳው ሞላ። ዳኞቹ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የአንደኛ ክፍል ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡና በኖራ ከተሰመረው መስመር ጀርባ ቁጢጥ ቁጢጥ አሉ። አስተማሪያቸው ወደ ፊዚክስ መምህሩ ጠጋ ብላ፣ «እነዚህ ድንክዬዎች ምንም አይታያቸውም። ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ?» አለች።

መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው መዝገቡን ገለጡ። በጣታቸው ወደ ታች ቆጠሩ። ጣታቸው ስምንት ላይ፣ ከዚያ ሁለቱ ፊርማዎች ላይ ቆመ።

«ስምንቴ የተሞከረ ነው። ይጠጉ።»

ልጆቹ መስመሩን አልፈው ገቡ። አንዷ የጫማዋን ማሰሪያ ልታስር ከሁሉም ፊት ተቀመጠች፤ ከማስወንጨፊያው ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው።

የሥራ ክፍፍላቸው የቆየ ነው። ኢንጂነሩ ከሩቅ፣ በረጅሙ ቱቦ ጫፍ ሆኖ ፓምፑን ይረግጣል። እሷ በሣለቻቸው አምስት ሥዕሎች ፊት ቆማ የሮኬትን ታሪክ ትናገራለች። ለአንድ ሥዕል አንድ ግፊት። አምስተኛው ሥዕል ሲያልቅ ገመዱ ይሳባል። ይህ የእሱ ሐሳብ ነው፤ ጎበዝ ሐሳብ ነበር። መምህሩ ደግሞ ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ ግፊቱን ለማንበብ ማስወንጨፊያው ሥር ካለው መለኪያ አጠገብ ተንበረከኩ። ፊታቸው ከቀዩ ጠርሙስ አንድ ክንድ አይርቅም።

«የዛሬ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ» ብላ ጀመረች፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ መስሏት፣ «ቻይናውያን ባሩድ የሞላ ቱቦ ከፍላጻ ጋር አስረው በጠላት ላይ ለኮሱ። እሳት የሚተፋ ፍላጻ ነው። ፈረሶቹ ከሰዎቹ በፊት ሸሹ።»

ፓምፑ ተነፈሰ። «አንድ» አሉ መምህሩ።

«አንድ ሹም ደግሞ ወንበሩ ሥር አርባ ሰባት ሮኬት አስሮ ወደ ጨረቃ ልሂድ አለ ይባላል። አሽከሮቹ ለኮሱለት። ጭሱ ሲገለጥ ወንበሩም የለም፣ ሹሙም የለም። ተረት ነው የሚሉ አሉ።»

ልጆቹ ሳቁ። «የት ሄደ?» አለች ጫማዋን የምታስረዋ።

«ሁለት።»

«ከዚያ ሕንዶች ቱቦውን ከብረት ሠሩት። ብረት...» ጠርሙሱን አየች። «ብረት ብዙ ግፊት ስለሚችል ሮኬቱ ራቀ። ግፊቱን የማይችለው ግን እዚያው ሠሪው እጅ ላይ ይፈነዳ ነበር።» ይህኛው ከጽሑፏ ውስጥ አልነበረም። ኢንጂነሩ ከፓምፑ ቀና ብሎ አያት።

«ሦስት።»

«ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የፊዚክስ መምህር በጎመን ማሳ ውስጥ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት አስወነጨፈ። የበረረው ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው። ጎመኑ ላይ ወደቀ። ግን ዛሬ ጨረቃ የደረሱት ሁሉ ከዚያ ማሳ ነው የተነሱት።»

«አራት።»

አምስተኛው ሥዕል በጦርነት ጊዜ የተሠራ ረጅም ሮኬት ነበር። ኢንጂነሩ «ስለ ፍጥነቱ ብቻ አውሪ፤ ሰው አናስደንግጥ» ብሏት ነበር። እሷም ስለ ፍጥነቱ ብቻ ልታወራ አፏን ከፈተች። ያኔ ጠርሙሱ ድምፅ ሰጠ። ትንሽ ድምፅ ናት፤ ጥፍር ጠረጴዛ ላይ ጠብ እንዳለ። ማንም አልሰማም። በቀዩ ቀለም ላይ፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ፣ ጠዋት ያልነበረ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር አየች። ቀለሙ ተሰንጥቆ ይሆናል። ቀለም ሲወጠር ይሰነጠቃል። ቀለሙ ብቻ ሊሆን ይችላል።

«ይህን ሮኬት እስረኞች ናቸው የሠሩት» አለች። «ከመሬት በታች ዋሻ ውስጥ። ሲሠራ የሞተው ሰው ተተኩሶ ከገደለው ይበልጣል ይባላል። የሠሩት ሰዎች የት እንደሚያርፍ አልተጠየቁም።»

አስተማሪዋ ግንባሯን ቋጠረች።

«አራት ተኩል» አሉ መምህሩ፣ ይበልጥ ጎንበስ ብለው።

ሸረሪት ሥዕሎቹን ትታ ሄደች። አልሮጠችም፤ ብትሮጥ ልጆቹ ተከትለዋት የሚነሱ መሰላት። ኢንጂነሩ አጠገብ ተንበረከከችና የፓምፑን ማስተንፈሻ ያዘች። እጅዋን ጭምቅ አድርጎ ያዛት። መዳፉ በላብ ርሷል።

«ግማሽ ነው የቀረው» አለ በሹክሹክታ። «ግማሽ ብቻ። ሸረሪት፣ ይስቁብናል።»

«ይሳቁ።»

«እኔ ላይ ነው የሚስቁት። አንቺ ላይ አይደለም።»

እውነቱን ነው። ይህን እያወቀች ማስተንፈሻውን አዞረችው።

አየሩ እያፏጨ ወጣ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። የልጆቹ «ኤጭ» ከፊት ረድፍ ተነስቶ እስከ ኋላ ደረሰ፤ ከኋላ በኩል አንዱ «ኢንጂነሩ...» ብሎ ጀመረ፣ ሌሎቹ ጨረሱለት። ኢንጂነሩ እጅዋን ለቀቃትና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

መምህሩ ጉልበታቸውን እያራገፉ መጡ። «ምን ሆናችሁ? ምን ተበላሸ?»

«ስምንተኛው ሙከራ አልተደረገም ቲቸር። ሮኬቱ ያን ሰዓት እኛ ቤት ነበር፤ እያወቅሁ ነው የፈረምኩት። ጠርሙሱን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄዋለሁ። እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

መምህሩ ለአፍታ ጠርሙሱን፣ ከዚያ ትንንሾቹን ልጆች፣ ከዚያ ሁለቱ የፈረሙበትን ወረቀት አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ማለት ከውድድሩ ወጣችሁ ማለት ነው» አሉ። «ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ከርእሰ መምህሩም ዘንድ ትቀርባላችሁ።»

«እሺ።»

አስተማሪዋ ልጆቿን እንደገና እጅ ለእጅ አያይዛ ወሰደቻቸው። ዳኞቹ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ፣ ከድንች መብራት ወደሠሩት ልጆች አለፉ። ቀዩ ጠርሙስ ማስወንጨፊያው ላይ ብቻውን ቀረ።

«ይይዝ ነበር» አለ ኢንጂነሩ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

«ሊይዝ ይችል ነበር።»

«በሕይወቴ አላናግርሽም።»

ቱቦው በሣሩ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አንዱን ጫፍ እሱ አነሳና ሳያያት መጠምጠም ጀመረ። እሷም ትታው ልትሄድ ቦርሳዋን አንስታ ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችው። ሌላውን ጫፍ ይዛ፣ እንዳይቋጠርበት እያቃናች፣ እሱ በጠመጠመ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተጠጋች።