ጥንቸሏ የመታችው ወለል

እኔ እኮ ሰው ስለ ዛር፣ ስለ ጥላ ወጊ ሲያወራ ፊቴን አዙሬ የምስቅ ሴት ነኝ። ዓረብ አገር ስሠራ አብረውኝ የነበሩት ልጆች ከዕቃ ቤቱ ጂኒ አለ እያሉ ሲንቀጠቀጡ፣ እኔ ገብቼ ሥራዬን ጨርሼ ለሽ ብዬ የምተኛ ነበርኩ፣ ዛሬም ቢሆን አምናለሁ አልላችሁም፣ የደረሰብኝን ግን እንዳለ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ የመጣው በልጄ በማስተዋል ነው። ጥያት ስሄድ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ይፋግ ከተማ ያለችው እህቴ ዘንድ አደገች፣ ተመልሼ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቼ፣ ልብስ ስፌት ጀምሬ ሳመጣት ሰባት ሆኗታል፣ እህቴን እማ፣ እኔን ግን «የሺ» ብላ በስሜ ነው የምትጠራኝ። ምግብ አትቀምስም፣ ጉልበቷን አቅፋ በሩን ታያለች። እህቴም ደውላ «እስከ መስቀል ካልለመደችሽ መልሺልኝ፣ ልጅቱን እንዳትገድያት» አለችኝ። ያንገበግባል፣ ግን እውነቷን ነው፣ ልጄ አጥንቷ ወጥቶ ነበር።

በዚህ መሀል ወደ ባሕር ዳር ዝውውር የደረሰው ጎረቤታችን መምህር ከቤት ያሳደጋትን ነጭ ጥንቸል አመጣልኝና «ለሳምንት ሞክሪያት፣ ካልሆነችሽ እወስዳታለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ ጥንቸል አውቃለሁ፣ የአሠሪዬ ልጆች ነበረቻቸው፣ እነሱ ሲጫወቱባት የምጠርገው እኔ ነኝ። ጥንቸል ድመት አይደለችም፣ መታቀፍ አትወድም፣ የመብራት ገመድ ትቆረጥማለች፣ ሣር ከፊቷ ከጠፋ ትታመማለች፣ ሕመሟንም ትደብቃለች፣ ልጄ ለምዳት አንድ ቀን ደርቃ ብታገኛትስ ብዬ በጣም አመነታሁ። ድምፅ እንኳ የላትም፣ ስትፈራ ብቻ በኋላ እግሯ መሬቱን ትመታለች። እስቲ ሳምንቱን ልየው አልኩ።

አከራዬ እትዬ ጥሩዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፣ ጥንቸሏን ሲያዩ አማተቡ።

«ምነው ልጄ፣ ኦሪት ርኩስ ያላትን አውሬ ከቤት?»

«አልበላትም እትዬ፣ ለልጅቷ ማጫወቻ ናት።»

«ወተት የላት፣ ሥጋዋ አይበላ፣ አይጥ አትይዝ! ኧረ ወዲያ፣ ድመት አጥተሽ ነው?»

ልጄ ግን በዚያው ቀን እንጀራ ጠየቀች። ከጥንቸሏ ጋር ስታወራ ውላ ታመሻለች፣ ደስታዬን አልችለው አልኩ። ብቻ ጥንቸሏ ከአልጋው ራስጌ ካለው ጥግ አልነቃነቅ አለች፣ የወለሉን ፕላስቲክ ስትቧጥጥ ትውላለች። መቆፈር ተፈጥሮዋ ነው ብዬ ተውኳት።

ቡሄ ባለፈ ሰሞን፣ ከስፌት ቤት ገብቼ ራት ላቀርብ ስል ዝናቡ ወረደ፣ መብራትም ጠፋ፣ ሻማ ለኮስኩ። ማስተዋል ከጥጉ በሆዷ ተኝታለች። ጥንቸሏ ጆሮዋን አቁማ ወለሉን መታች፣ ዱብ፣ ዱብ። ወዲያው ከሥር፣ ቀስ ብሎ፣ ዱብ፣ ዱብ አለ። እመኑኝ፣ መጀመሪያ የአሸንዳው ውኃ ነው ብያለሁ። ጫማዬን አውልቄ ወለሉን ደበደብኩት፣ ዝም። «ኤጭ፣ አይጥ ነው» ብዬ ልነሣ ስል ልጄ በጣቷ ጫፍ ሁለት ጊዜ ነካ አደረገችው፣ ከጣቷ ሥር ሁለት ጊዜ መለሰላት። የሕፃን ተረከዝ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲራገጥ የሚሰማው ዓይነት ነው። ጠጉሬ ቆመ።

«ማነው እሱ?» አልኳት።

«ሕፃን ናት። ስም የላትም። እናቷን ነው የምትጠብቀው።»

ልጄን አፈፍ አድርጌ በዝናቡ እትዬ ጥሩዬ ቤት ገባሁ፣ ከወለሉ ሥር ሕፃን አለች ትላለች ብዬ ነገርኳቸው፣ እንዲስቁብኝም ጠበቅሁ። አልሳቁም።

«ከራስጌው ጥግ ነው?» አሉኝ። የትኛው ጥግ እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም ነበር።

ከዚያ መሬት መሬቱን እያዩ አወጡት። «ሴት ልጅ ወልጄ ነበር፣ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ሞተችብኝ። ክርስትና ያልተነሣች ናትና ፍትሐት የላት፣ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ አትገባ። አባቷ ከጓሮ፣ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ቀበራት። በኋላ ለኪራይ ብለን ክፍሉን ስንቀጥል፣ ወለሉ በላይዋ ሆነ። እያየሁ ዝም አልኩ ልጄ። እሱ ሞቷል፣ ሌላ የሚያውቅ የለም፣ ይቺ ልጅ ከማን ሰማች?»

በማግስቱ ከመናኸሪያው ወዲያ ሌላ ክፍል ተከራየሁ። ጥንቸሏንም ለቤት አትሆንም ብዬ ቆረጥኩ፣ መምህሩ ይውሰዳት። እትዬ ጥሩዬ ግን እጄን ያዙ፣ «ለእኔ ተያት» አሉኝ፣ ርኩስ ያሏትን ታቅፈው አልጋቸውን ወደዚያ ክፍል አዛወሩ።

ልጄ አዲሱ ቤት እህል አልቀምስ አለች። ወደዚያ ክፍል ከወሰድኳት ብቻ ትበላለች፣ ምን ላድርግ፣ ከሰዓት ከሰዓት እወስዳታለሁ። እትዬ «ዛሬስ ምን አለች?» ይሏታል፣ ልጄ ጆሮዋን ከወለሉ ለጥፋ «በረዳት» ትላቸዋለች፣ እሳቸውም ጋቢያቸውን ያነጥፋሉ። ለአሮጊቷ አዝና ትፈጥረው ይሁን፣ ትስማው፣ አላውቅም። መጠየቁን ፈራሁት።

ባለፈው ሰኞ ልንሄድ ስንል አልነሣም አለችኝ። «እዚህ ልደር፣ ብቻዋን ናት።»

«ነይ እናቴ፣ ነገ እንመጣለን።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ለእኔም ነገ እመጣለሁ ብለሽኝ ነው የሄድሽው» አለች።

ያኔ ከወለሉ ሥር መታ፣ ዱብ፣ ዱብ። ጥንቸሏን አየኋት፣ ከእትዬ ጥሩዬ ጭን ላይ ጆሮዋን አጥፋ ተኝታለች። እሳቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «ነገ ስትይ ሰምታሻለች» አሉኝ።

ልጄን ተሸክሜ ወጣሁ። አላለቀሰችም፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ እያየች እጇን ታውለበልብ ነበር።