ለሕፃኑ የተቀመጡ ቀናት

ሉሴት ከሬኖ ጋር ጎጆ ከወጣች ጀምሮ የምትቆጥበው ገንዘብ ሳይሆን ቀን ነበር። የምትሠራበት የግዛቲቱ የፓርኮች መሥሪያ ቤት ለወላድ ብሎ የሚሰጠው ደመወዝ ያለው ፈቃድ የለውም። እዚያ የምትወልድ ሴት አራስ ቤት የምትተኛው ከዓመት ዕረፍቷና ከሕመም ፈቃዷ ቆጥባ ባጠራቀመችው ቀን ነው፤ ካላጠራቀመች ጡቷ እያጋተ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሉሴት ይህን ስለምታውቅ ጉንፋን ሲይዛት መሐረብ ጨብጣ፣ ጥርሷ ሲያብጥ ጉንጯን በሻርፕ ጠቅልላ ኦገስታ ከተማ ካለው ቢሮዋ ትገባለች፤ በፓርኮቹ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ የሚመጡ ሰዎች በስልክ "እዚያ ትንኝ አለ ወይ?" እያሉ ሲጠይቋት ስትመልስ ትውላለች። የመጀመሪያ ጽንሷ የጨነገፈ ጊዜ እንኳ በማግስቱ ሥራ ገባች። "ቀኑ ለሚቀጥለው ይሁነው" አለች ለሬኖ። ገና ደሟ ሳይደርቅ! እናትነት ከዚህ ወዲያ ምን ይሆን?

የሚቀጥለውም መጣ። በኦገስት ትወልጃለሽ ተባለች። ግን ደስታ ብቻውን የሚገባበት ቤት የት አለ? በዚያው ጸደይ ሬኖ ግንድ ያመላልስለት የነበረው የወረቀት ፋብሪካ ተዘጋና የጭነት መኪናው ደጅ ላይ ቆመ። የቤቱ ጉሮሮም የሕክምና ዋስትናውም በሉሴት ትከሻ ላይ ወደቀ። ያ ሳያንስ የግዛቲቱ ገዥና ምክር ቤቱ በበጀት ተጣሉ። እስከ ጁን መጨረሻ ካልተስማሙ መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ ተባለ። ሠራተኛም ይቀነሳል ተባለ። አዲስ ፈቃድ ማጠራቀም ይቆማል፣ በእጅ ያለው ግን አይነካም ተባለ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው፤ ሣር ደግሞ ምን ምርጫ አለው? ሉሴት ከወሬው ሁሉ "በእጅ ያለው አይነካም" የምትለዋን ብቻ ይዛ ቀረች። ከእጇ አንዲት ቀን እንዳታወጣም ማለች።

አባቷ ሙሴ ኦሬል ከኦገስታ የአምስት ሰዓት መንገድ ርቀው፣ በግዛቲቱ ሰሜን ጫፍ በሴንት ጆን ወንዝ ዳር ድንች የሚያመርቱ አዛውንት ናቸው። ሉሴት እናቷ ስትሞት ገና የወተት ጥርሷ አልረገፈም ነበር፤ ጠጉሯን አፈር በጠገበ ጣታቸው እየጎነጎኑ፣ ቤተ ክርስቲያን እየወሰዱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት ሐኪም ሳንባቸው ውስጥ ካንሰር አገኘ። ይህንን ከሳቸው ሌላ የሚያውቁት ጎረቤታቸው ማዳም ጀርሜን ብቻ ነበሩ።

"ለልጄ ትንፍሽ ብትይ፣ ከእንግዲህ ድንቼን አትቀምሺም" አሏቸው ሙሴ ኦሬል። ማዳም ጀርሜንም እያለቀሱ ማሉ።

ሉሴት በየምሽቱ ትደውላለች።

"አባባ፣ ሳሉ አልተሻለህም?"

"የትራክተሩ ጭስ ነው ባክሽ። ይልቅ አንቺ ሽኮኮ፣ ቀንሽን ደህና አድርገሽ ደብቀሻል?"

"ደብቄያለሁ።"

"ጎበዝ! እንዳትነኪው። ስትወልጂ እዚህ ነው የምትመጪው። ሾርባሽን የምሠራው እኔ ነኝ።"

"አንተ ሾርባ ሠርተህ እኔ ልተርፍ?"

"አንቺን ያሳደገ ሾርባ ነው፤ አትናቂው!" ይላሉ። ሳቃቸው ወደ ሳል ሲለወጥ ስልኩን ፈጥነው ይዘጉታል።

በሜይ አንድ እሑድ ሬኖ እየነዳ ወሰዳት። እንደምትመጣ ስለሰሙ ማዳም ጀርሜን የሙሴ ኦሬልን ጢም ላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሰው፣ ደግፈው ትራክተሩ ላይ አውጥተው አስቀምጠዋቸው ነበር። ሉሴት እየሮጠች ስትመጣ ከላይ ሆነው ባርኔጣቸውን አነሡ።

"አትወርድም እንዴ አባባ?"

"ወገቤን ይዞኛል። አንቺም ሆድሽ ገፍቶ ቢሆን ኖሮ ይገባሽ ነበር... ለካ ገፍቷል!"

"ከሳህ እኮ።"

"የጀርሜንን ወጥ እየበላ ማን ወፍሮ ያውቃል?"

ማዳም ጀርሜን ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፍነው ወደ ቤት ገቡ። ሉሴት ይህን አየች። የአባቷ ሱሪ በገመድ መታሰሩንም አየች፤ እጃቸውን ስትስም በዚያ ፀሐይ እንደ በረዶ መቀዝቀዙን ከንፈሯ ነገራት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ማወቅ ማለት ቀን ማውጣት ነበርና አላወቀችም።

በመልስ ጉዞ ሬኖ እየነዳ፣ "ጥቂት ቀን ወስደሽ አብረሻቸው ብትሰነብቺስ?" አላት።

"ከማን ላይ ወስጄ? ከልጄ ላይ?"

 

በጁን መጨረሻ ገደማ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ማዳም ጀርሜን ቢሮዋ ደወሉ። "ሉሴት ልጄ፣ ነይ" ብቻ አሉ። ከኋላ "አምጪው ስልኩን፣ አንቺ ወሬኛ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ረጅም፣ የሚያፏጭ ትንፋሽ።

"አባባ፣ በእናቴ ነፍስ እውነቱን ንገረኝ። ልምጣ?"

  አንዲት ቃል፣ አንዲት "ነይ" በጉሮሯቸው ስትታገል ማን አየላቸው?

"አሁን መጥተሽ ምን ትሠሪያለሽ..." አሉ በመጨረሻ። "ሕፃኑን ይዘሽ ነይ።"

"ቅዳሜ እመጣለሁ።" ቅዳሜ ከማንም ፈቃድ አይቀነስም።

"ቅዳሜ... ቅዳሜ ጥሩ ነው።"

ሐሙስ አረፉ። ሉሴት በዚያች ሰዓት ስለ ትንኝ ለሚጠይቅ ሰው መልስ እየሰጠች ነበር።

ለቀብር ስትነሣ አለቃዋ ፕሪሲላ አቅፋ አጽናናቻትና፣ "የሐዘን ቀን መሥሪያ ቤቱ ይሰጥሻል፤ ካጠራቀምሽው አይነካብሽም" አለቻት። ለሚሞት አባት ከራሷ ኪስ ነበር፤ ለሞተ አባት ግን መንግሥት ቸር ነው! ሉሴት ሣጥኑ ላይ ተደፍታ "ምነው በሕይወት ሳለህ በሰጡኝ! ምነው ሳትሞት!" እያለች ስትጮኽ፣ ነገሩ የገባው ሬኖ ብቻ ነበር።

የሐዘኑ ቀን ባለቀበት ምሽት ከማዳም ጀርሜን ጋር የአባቷን ማእድ ቤት ስታጸዳ ስልኳ ጠራ። ፕሪሲላ ነበረች።

"ሉሴት፣ ነገ እንዳትመጪ። በጀቱ አልጸደቀም፤ ሁሉም ተዘግቷል።"

"እስከ መቼ?"

"ማን ያውቃል? ደመወዝም የለም። ግን አይዞሽ፣ ከፈቃድሽ አይቀነስም።"

ሉሴት ስልኩን አስቀመጠች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ለአባቷ አንዲቱን እንኳ የነፈገችው ቀን አሁን ያለ ልክ፣ ያለ ልመና፣ በመንግሥት ትእዛዝ ተሰጣት። ባዶው ወንበር ፊት ለፊቷ ነው። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ።

"ይኸውና ቀኑ መጣ! አባባ፣ ይኸውና! ስንት ቀን ልቀመጥልህ?"

ማዳም ጀርሜን ታቅፈው ያዟት።

"ለምን አልነገሩኝም ማዳም ጀርሜን? ለምን?"

"አስማለኝ ልጄ። በመጨረሻዋ ቀን 'ልጥራት?' ስለው 'ተይ፣ ቀኑ የሕፃኑ ነው' አለኝ። ግን..." ድምፃቸው ተቆረጠ። "ግን ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እስኪያልፍ ድረስ ከዚያ አላነሣውም።"

ከጥቂት ቀናት በኋላ ትልልቆቹ ተስማሙ፣ ተጨባበጡ፣ ቢሮዎቹም ተከፈቱ። በኦገስት ሉሴት ሴት ልጅ ወለደች። የቆጠበችው ፈቃድ ሳይነካ ጠበቃት፤ ደመወዟም ሳይጓደል ገባ። ሬኖ አንድ ጊዜ ብቻ "እንኳን ቆጠብሽው" አላት፤ ፊቷን አይቶ ግን ዳግመኛ አላነሣውም።

ዕጣ ፈንታ ለድኻ ሁለት ፍቅር ሰጥቶ ለአንዱ የሚበቃ ጊዜ ብቻ ሲሰፍርለት፣ በመረጠው ማን ይፈርድበታል? እሷ ግን በራሷ ላይ ትፈርዳለች። በየማለዳው ሕፃኗን ስታጠባ፣ ያቺ ቀን ከማን አልጋ አጠገብ ተነሥታ እንደመጣች ታውቃለች። "ጥቢ እናቴ፣" ትላታለች፣ "ይህንን የሰጡሽ አያትሽ ናቸው።" ሕፃኗ ጠግባ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሉሴት አልጋው ላይ አታስተኛትም፤ እንደታቀፈቻት ትቀመጣለች። ቀኑ ገና ረጅም ነው።