የመምህር ሙሂዲን ሳርዶባ

መምህር ሙሂዲን ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ኑና እዩ» ሲል ኖሮ፣ ማንም ባልመጣለት ቦታ ሞተ። ከቃርሺ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በረሃው ጫፍ ላይ፣ ሳርዶባ የሚሉት ባለ ጉልላት የጥንት ውኃ ማጠራቀሚያ አለ። ሬሳው ወደ ውኃው በሚያወርደው ደረጃ ግርጌ፣ ጭቃ ላይ ተንጋሎ ተገኘ።

መርማሪው ሻምሲ ሲደርስ አለቃው ሻለቃ ቶይር ነገሩን ጨርሶታል። ገዳዩ የሳርዶባው ጠባቂ ኤርጋሽ ነው። ባለፈው ሳምንት «አገር ምድሩን እዚህ ከምታመጣብኝ መጀመሪያ ቅበረኝ» ብሎ በመምህሩ ላይ ሲጮህ መንደሩ ሰምቶታል፤ ቁልፉም በእሱ እጅ ነው። እስከ እኩለ ቀን ታስሮ ይምጣ ተባለ። ሻምሲ እሺ አለ። አሥራ አንድ ዓመት እሺ ሲል ኖሯል፤ እሺ ባለ ቁጥር ሹመቱ ለሌላው ይሄዳል።

ኤርጋሽን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ሽማግሌው እንባውን ሊጠርግ ሲል እጁን ወደ ፊቱ አላነሳም፤ ፊቱን ወደ እጁ አጎነበሰ። ሁለቱም ትከሻዎቹ በጥጥ ጆንያ ሸክም የደረቁ ናቸው።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለው ሻምሲ።

«በየሳምንቱ እንጣላ ነበር። ከእሱ ሌላ ከማን ጋር ልጣላ፣ ልጄ? እዚህ ሰው አለ እንዴ?»

በሩን ማለዳ ከፍቶ ፍየሎቹን ለማሰማራት ሄዶ፣ አራት ሰዓት ላይ ሲመለስ ሬሳውን እንዳገኘ ተናገረ።

የከተማው ሙዚየም ኃላፊ ሙሃባት ቁመቷ ከሻምሲ ደረት አይዘልም። መምህሩ ስለጠራት ሦስት ሰዓት ላይ መጥታ፣ ደረጃው እርጥብ ስለነበር ከበሩ ሆና ተጣርታ፣ መልስ ስታጣ እንደተመለሰች ነገረችው። በዚያ ጠዋት ወደ ቦታው እንደመጡ ከታወቁት ሦስተኛው አስጎብኚው ፋዚል ነው፤ በር ሲገባ የሚያጎነብስ ረጅም ሰው። መምህሩን ሁለት ሰዓት ላይ በመኪናው አምጥቶ በር ላይ አውርዶት እንደሄደ፣ ደረጃውንም በእግሩ እንዳልረገጠ ተናገረ። ይህ ሰው ያልታወቁ ጥንታዊ ቦታዎችን የሚያሳይ ካርታ አሳትሟል። ቦታዎቹን በእግሩ ዞሮ ያገኛቸው መምህሩ ነው፤ ካርታው ላይ የወጣው ግን የፋዚል ፎቶ ነው። ሻምሲ እንዲህ ያለውን ሰው ያውቀዋል። ሌላው ይቆፍራል፣ እሱ ይጠጣል።

ከዚያ ብቻውን ወረደ። ከሬሳው በላይ ግድግዳው ላይ ሁለት መስኮት መሰል ጉድጓዶች ነበሩ። ዝቅ ያለው ውኃ ያንጠባጥባል። ከፍ ባለው ደረቁ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ክብ ዳቦ ተቀምጧል። በእግሩ ጣቶች ጫፍ ቆሞ ጎትቶ አወረደው። አንድ ጎኑ የደረጃው ግርጌ ጭቃ አለበት። መሃሉ ላይ የጋጋሪዋ ማኅተም አለ። ወደ መንደር ሄዶ ማኅተሙን ለጋጋሪዎች ሲያሳይ የመምህሩ ጎረቤት አወቀችው፤ ጠዋት ትኩሱን ከእኔ ገዝቶ ሄደ አለች።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ሳርዶባው በር ላይ ተሰበሰቡ። ሻለቃው ካቴናውን ይዞ ቆሟል።

«ዳቦው የመምህሩ ነው» አለ ሻምሲ። «ጭቃ የነካው አብሮት ስለወደቀ ነው። ስለዚህ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው አንስቶታል። እኛ አገር ዳቦ መሬት ላይ አይተውም፤ እጃችን ሳይጠይቀን ያነሳዋል። እርጥብ ላይ ስለማይቀመጥ ከፍ ወዳለው ጉድጓድ ገባ። ኤርጋሽ አባ እጃቸው ከደረታቸው አያልፍም። ሙሃባት ብትዘልም አትደርስበትም። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ የመጣ አራተኛ ሰው የለም።»

ፋዚል ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሻምሲ አካ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ዳቦ ማንሳት ወንጀል ሆነ? ማንም ሰው ያነሳዋል።»

«ደረጃውን አልረገጥኩም አላልክም?»

የፋዚል ዓይን ወደ መኪናው ሄደ።

«ማንም ሰው ያነሳዋል፤ ልክ ነህ። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም መምህሩ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ነፍሱ አልወጣችም ብሏል። ዳቦውን አነሳህ። እሱን ግን ረግጠኸው ወጣህ።»

ሙሃባት ወደ ደረጃው ዞረች። «እኔ ስጣራ ነፍሱ ነበረች» አለች።

ፋዚል አመነ። መምህሩ ስለዚህ ቦታ በራሴ ስም ልጽፍ ነው ስላለው ተጨቃጨቁ፤ መምህሩ ስለ ቦታው የጻፈበትን ደብተር ሊነጥቀው ሲል ገፋው። ደብተሩ መኪናው ውስጥ ተገኘ።

ሻለቃው ካቴናውን በፋዚል እጆች ላይ አጠለቀ። ሽማግሌውን ይቅርታ አልጠየቀም። ለበላዮቹ ስልክ ሲደውል «ደረስኩበት» ነው ያለው። ፋዚልንና ሙሃባትን አሳፍሮ ሄደ፤ ለሻምሲ ቦታ አልተረፈም።

ኤርጋሽ የሚጠፋውን አቧራ ሲያይ ቆየ። «ሐሙስ ሐሙስ ይመጣ ነበር» አለ። «ሊያሳየኝ ነዋ፤ የማላውቀው ይመስል። ከእንግዲህ ማን ይመጣል?»

ሻምሲ አሥራ አንድ ዓመት በዚህ መንገድ ሲያልፍ ጉልላቱን እንደ ጉብታ ነበር የሚያየው።

«ሐሙስ ሥራ የለኝም» አለ።