ከሞተሯ ሆድ ውስጥ የሚንኳኳው

ይህን ስታነቡ «ቅናት ያሳበዳት ሴት» ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ። ባሌም ብሎኛል።

ግን በእኔ በፋናዬ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ያውም በጨለማ አይደለም... በጠራራ ፀሐይ።

በእኛ አቆጣጠር 2009 ዓ.ም.፣ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል። ቀትር ላይ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ። እኔ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ባሌ መክብብ ደግሞ ከጓሮዋ፣ ከዛፉ ሥር ፒኪፒኪ ይጠግናል፤ ሞተር ብስክሌት ማለቴ ነው።

ያን ቀን ጋልጋሎ የሚባል የዳበል መንደር ሰው አንዲት አሮጌ ፒኪፒኪ በፒካፕ ጭኖ መጣ።

«ፉንዲ፣ ትነሳለች፤ ግን ትንኳኳለች» አለው መክብብን፤ ፉንዲ በኬንያ መካኒክ ማለት ነው። «የሚስቴ ነበረች። አስተካክልልኝና ልሽጣት።»

«ሚስትህስ?»

«የለችም... ሞታለች።»

ቁልፉን ለመክብብ ሰጠው። ሊሄድ ሲል ግን ወደ እኔ ጠጋ አለና በሹክሹክታ...

«እሱ ሲሠራ አጠገቡ አትቁሚ።»

«ለምን?»

ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም። ፒኪፒኪዋ ላይ ነበር።

መክብብ አስነሳት።

ቶክ... ቶክ... ቶክ...

ወፍራም ድምፅ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ፉንዲዎች እንደዚያ ነው የሚያዳምጡት፤ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጠው።

«ከላይ ቢሆን ቫልቭ ነው እል ነበር» አለኝ። «ይሄ ከሥር ነው የሚመጣው። ክራንኩ ሳይላላ አልቀረም።»

ክራንክ ማለት ፒስተኑ ከላይ ሲገፋው ከሥር የሚሽከረከረው ከባድ ብረት ነው። እሱን ለማየት ሞተሩ መፈታት አለበት።

መክብብ ግን አልፈታም። ማዳመጥ ብቻ...

ምሳ አቀረብኩለት፤ ሳይነካው በረደ። ሳህኑን ላነሳ ስሄድ እንዳጎነበሰ ነው። ካቻቢቴው ጆሮው ላይ ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«እሺ... አይዞሽ... አትቸኩይ...»

ሞተሩ ግን ጠፍቷል! ጭስ ማውጫውን ነካሁት፤ ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከሥራዬ ጋር» አለና ሳቀ።

ያ ሳቅ... ሳንጋባ በፊት ለእኔ ይስቀው የነበረው ሳቅ ነው። ካየሁት ዓመታት አልፈዋል።

በማግስቱ ጠዋት ጢሙን ተላጨ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበትን ነጭ ሸሚዝ ለበሰ። ሽቶ ተቀባ። ወዴት ሊሄድ ነው ብዬ ስከታተለው...

ወደ ጓሮ። ወደ ዘይትና ግራሶው።

በብረት ቀናሁ። አዎ፣ በብረት!

«ዛሬውኑ ፍታትና ጨርሳት!» ብዬ ጮህኩበት።

«ቀስ በይ... ትሰማሻለች» አለኝ በሹክሹክታ።

ፈታት። ዘይቱን ቀድቶ አየው፤ የብረት ብናኝ የለበትም። ሲሊንደሩን አወጣ። ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ይዞ ወደ ላይ ሳበ፣ ወደ ታች ገፋ። ላላ ቢል ጥፋቱ እዚያ ነበር። ንቅንቅ አላለም። የክራንኩን ጫፍ ግራና ቀኝ ወዘወዘው። ኩሽኔታውም ደህና ነው።

«ምንም የለባትም» አለ፣ ስለ ሙሽሪቱ እንደሚያወራ ሰው።

«ታዲያ የሚንኳኳው ምንድን ነው?»

መፍቻውን አስቀምጦ ተነሳ።

እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ካቻቢቴውን አነሳሁ። ጫፉን የተራቆተው ክራንክ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ...

መጀመሪያ ምንም የለም።

ከዚያ... ቶክ... ቶክ...

ድንገት ቆመ። ሲያወሩ የነበሩ ሰዎች ድንገት ስትገቡባቸው ጸጥ እንደሚሉት።

ትንፋሽ ሰማሁ። የሴት ትንፋሽ። ከዚያ በቦረናዎች አነጋገር፣ ቀስ ብላ...

«ይህቺ ማናት?»

ካቻቢቴውን ወርውሬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ነገር አውቀዋለሁ። እኔም ውስጥ ሲነድ የከረመው ቅናት ነው።

«ስለ እግዚአብሔር፣ ለሰውየው መልስለት!» ብዬ መክብብን ለመንኩት።

«ቅናት አሳበደሽ» አለኝና መልሶ ገጠማት። አንድም ዕቃ አልቀየረም። ሲያስነሳት ግን መንኳኳቱ ጠፍቷል። ድምፅዋ ልስልስ ብሏል።

«ሞክሬያት ልምጣ» ብሎ ቡቲዬ ወደምትባለው መንደር ነዳት።

ትንሽ ቆይቶ ወተት የምታመጣልኝ ካልቱማ ከቡቲዬ መጣች። ጀሪካኗን እያስቀመጠች ዓይኗን ሰበረች።

«ማማ ፋናዬ... ባልሽን መንገድ ላይ አየሁት። ሴት አፈናጧል።»

«ማንን?»

«ፊቷን ጀርባው ላይ ደፍታለች፤ አላየኋትም። ወገቡን ግን ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች።»

ደሜ ፈላ። ግን ታምኑኛላችሁ? ውስጤ እፎይ አለ። በቃ ሴት ናት! እንደ እኔው ሥጋ የለበሰች ሴት! ይምጡ ብዬ በር ላይ ቆምኩ።

አሥር ሰዓት ገደማ መጣ። ብቻውን ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ፒኪፒኪዋን አቆማት።

«የት ጣልካት?» አልኩት።

«ማንን?»

«ከኋላህ የነበረችውን!»

አየኝ። ወደ ቤቱ በር አየ። እንደገና እኔን አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ፋኔ...» አለ በሹክሹክታ። «ስወጣ ሮጠሽ መጥተሽ ከኋላዬ የተፈናጠጥሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«አሁን እኮ... እዚህ መታጠፊያው ላይ አውርተሽኛል። መቼ ወረድሽ?»

ሁለታችንም ወደ ፒኪፒኪዋ ዞርን።

ወንበሯ ላይ ማንም የለም። ከወንበሯ ሥር ያለው ሞላ ግን እስከ ታች ተጭኗል፤ ሰው እንደተቀመጠበት።

ከዚያ... እያየነው... ቀስ ብሎ ከፍ አለ።