ስድስት ክፍት ቦታ

በ1908 ዓ.ም.፣ በነሐሴ ወር ማብቂያ፣ ከቤደል የተራራ መተላለፊያ በታች በሚገኘው ድንጋያማ ሸለቆ ወይዘሮ ኡሩምካን፣ ምራታቸው ሳልኪንና በዚያው ማለዳ አርባ ቀን የሞላው ሕፃን ሴይት ነበሩ፤ ከቄሣሩ ጦር ወደ ቻይና የሚሸሹ ወገኖቻቸውም በየእሳቱ ዙሪያ ተኮልኩለዋል፤ የሕፃኑን አባት ግን ወታደሮች ከወሰዱት ወር አልፎታል።

በወጋቸው አርባ ቀን የሞላው ሕፃን ከአርባ ቤት በተለመነ ጨርቅ የተሰፋ ሸሚዝ ይለብሳል፤ እያንዳንዱ ቤት ከዕድሜው ያዋጣለታል። ኡሩምካን በደኅናው ዘመን ለሌሎች የልጅ ልጆቻቸው በአንድ ቀን ለምነው ይጨርሱ ነበር፤ አሁን በስደት መንገድ ያገኙት ሠላሳ ሦስት ቁራጭ ነው። ሕፃኑ ያስላል፤ ከፊታቸው በረዶ አለ።

«እናቴ፣ የጎደሉትን ሰባቱን ከቀሚሴ ልቅደድ?» አለች ሳልኪን።

«ከአንድ ቤት አንድ ነው። በልጅሽ ዕድሜ ልናጭበረብር ነው?»

ኡሩምካን ተነሥተው ወደ እሳቶቹ ሄዱ። አዛውንቱ ካልማት ገና ሲያዩአቸው፣ «ደግሞ መጡ? ከሱሪዬ የቀረው ቀዳዳው ነው፤ እሱን ልስጥዎት?» አሉ።

«ያቆዩት፤ በረዶው ላይ ንፋስ ያስገባልዎታል!»

ሰዉ ሳቀ። «የመጣሁስ የወንድሜን ወገኖች ልጠይቅ ነው፤» አሉ ኡሩምካን፤ «ከኋላችን የሚመጡት ሰባቱ ቤቶቻቸው መቼ ይደርሳሉ?»

ካልማት መሬት መሬቱን አዩ። ያን ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠች ሴት ዞረች፤ የወንድማቸው ምራት ባትማ ነበረች።

«አክስቴ፣ ለእርስዎ መንገሩ አቅቶኝ ነው የተደበቅሁት። ወንዝ ስንሻገር ወታደሮቹ ደረሱብን።»

ከሻሿ ጫፍ ቀድዳ ሰጠቻቸው። «ይህ የእኛ ቤት ነው።»

«የስድስቱስ?»

«ከእኔ በቀር የወጣ የለም።»

ኡሩምካን ተመልሰው ሸሚዙን ሰፉ፤ ጀርባው ላይ ስድስቱ ቁራጭ ሊገባበት የሚገባውን ቦታ ክፍት ተዉት።

«እናቴ፣ ብርድ ይገባዋል እኮ!» አለች ሳልኪን እያለቀሰች።

«ምን ላድርግ ልጄ? የሌለ ቤት ከየት ላምጣ? የሚደረበውን ግን ወግ አይከለክልም፤» አሉና የበግ ቆዳ ካባቸውን አውልቀው ሕፃኑን ጠቀለሉበት። ሳልኪን እንቢ ብትልም አልሰሟትም።

በኋላ ታሪክ የጻፉ ሰዎች በመተላለፊያው ያለፈው ሕዝብ ስንት ሺህ እንደነበረ ተከራክረዋል፤ ወንዙ ላይ የቀሩትን ስድስት ቤቶች ግን በስም የጠራ የለም፤ በዚያች ሸሚዝ ላይ የነበራቸው ቦታ እንኳ ባዶ ነበር።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ወደ በረዶው ወጡ። ኡሩምካን በብርዱ ሞተው እዚያው ቀሩ፤ ሕፃኑ በካባቸው ተጠቅልሎ ተሻገረ።