ሾፌሩ የሸሸበት ምክንያት

የአውቶቡስ ሾፌሩ ሊጋቡ ጥቂት ሲቀራቸው «ሌላ ሰው ፈልጊ» አላትና ስልኩን ዘጋ። ልብስ ሰፊዋ እጮኛው ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን እያለች ስትብሰለሰል ከረመች።

በመጨረሻ እህቱ ልብስ መስፊያ ሱቋ ድረስ መጥታ ምስጢሩን አፈረጠችው።

«እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኝ ነበር። አንዱ የአፍንጫው ቀዳዳ ከተደፈነ ቆይቷል። ደሙ ከጀመረ ደግሞ አይቆምም። ካንሰር ነው ብሎ ደምድሟል። ዛሬ ሆስፒታል ነው።»

ጨርቁን ከነመርፌው ጥላ ወጣች።

ስትደርስ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ እሱ ቀድሞ አቀረቀረ። ተለማማጁ ሐኪም ናሙና ሊቆርጥ መቆንጠጫውን አንስቷል።

«ተው! እንዳትነካው!» አሉ ከኋላ የገቡት አንጋፋ ሐኪም፤ ሴት ናቸው። በቀጭኗ ካሜራ ተመለከቱት። «ይኼ እብጠት ደም ስር የሞላው ነው። እዚህ ቢቆረጥ ደሙን ማን ያቆመዋል? መጀመሪያ በምስል እንየው።»

ምስሉ ጥርጣሬያቸውን አጠናከረው፤ እምብዛም የማይታይ፣ ከደም ስር የሚነሳ ዕጢ ነው። ክፉ ይሁን ደግ ግን ወጥቶ ሳይመረመር አይታወቅም።

«ነገ በቀጭን ቱቦ ገብተን የሚመግቡትን ደም ስሮች እንዘጋለን፤ በማግስቱ በአፍንጫህ በኩል እናወጣዋለን» አሉት። «ያም ሆኖ ሊደማ ይችላል፣ ልጄ።»

ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

«ለምን መጣሽ?» አላት።

«አፍንጫህን ላስ ልልህ ነበር። እሱም ታመመብኝ እንጂ!»

ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ዓይኑ እንባ ሞላ። «መበለት ላደርግሽ አልፈለግኩም።»

«ሳታገባኝ? ከፈራህ ከእኔ ጋር ፍራ።»

በቀዶ ጥገናው ቀን እሷና እህቱ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተከሉ። አንዲት ነርስ የደም ከረጢት ታቅፋ እየሮጠች ገባች። እህቱ ጮኸች። እጮኛው እጇን ነክሳ ቆመች።

በሩ ሲከፈት የሐኪሟ ግንባር በላብ ርሷል።

«ደምቶ ነበር፤ ቆመ። ከነስሩ ወጥቷል።»

የዕጢው ምርመራ ውጤት በደረሰ ጊዜ ሾፌሩና እጮኛው ሐኪሟ ፊት ተቀመጡ።

«ክፉ አይደለም» አሉ። «ግን አመለኛ ነው፤ ከዓመታት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ክትትል አለህ።»

ሾፌሩ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። አሁንም መሄድ ትችያለሽ የሚል አስተያየት ነበር።

እሷ ግን ሐኪሟን ነበር የምታየው።

«ቀጣዩ ቀጠሯችን መቼ ነው?» አለች።